የሻንደሊየር ሰባት ቤት

እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን አይደለም። «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚባለው። አባቱን፣ የአባቱን አገርና የእናቱን ወገን ካወቅን ስሙ በኋላ ይደርሳል። እኔም ሐይቅ ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ክፍል የገባሁት። አዲስ ቃል ሰሌዳ ላይ በጻፍኩ ቁጥር ትርጉሙን ከመናገሬ በፊት ወደ ቃሉ ዞር ብዬ «እስቲ አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» እለዋለሁ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ከኋላዬ «ዘር ቆጣሪው» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ቀደም ብዬ ብሰማም የምቆጣ አይመስለኝም፤ ከወጡልኝ ቅጽል ስሞች ሁሉ ደህናው እሱ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ከእንግሊዝ አገር መሬት እንደ ሣር የበቀለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ኧረ ወዲያ! እንግሊዝኛ ማለት ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር እንዳለችው እንደኛዋ ከተማ ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንድ ነገር ጥሎበት ሄዷል። ይህን ያስተማረኝ ደሴ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው። ከእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ በደቃቅ ፊደል የቃሉን አባትና አያት ይቆጥራል፤ ይሄ ከፈረንሳይ፣ ፈረንሳዩ ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ እያለ ይወጣል። አንዳንዱ ቃል ጋ ሲደርስ ደግሞ «ምንጩ አይታወቅም» ብሎ ያቆማል። ያን ሐረግ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ያን ያህል የሚያውቅ መጽሐፍ አላውቅም ሲል ማየት መልካም ነገር ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። የሟች እኅቴ ልጅ ከዐረብ አገር ተመልሳ እኔ ዘንድ ስትገባ ነው እንደገና ቤት የሆነው። ስትሄድ ገና ልጅ ነበረች። እናቷ የሞተችው እሷ እዚያ ሳለች ነው፤ አሰሪዎቿ ስላልለቀቋት ለቀብር አልደረሰችም። አባቷን ቀድሞውንም አታውቀውም። ስትመለስ ለሷ ከኔ በቀር ሰው አልነበራትም፤ ለኔም ከሷ በቀር። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ አትናገርም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ትነሣና ያልቆሸሸውን ዕቃ ሁሉ ትወለውላለች። «ኧረ ተይው ልጄ፣ እንግዳ አይመጣብንም» ስላት፣ «እጄ ለምዶ ነው አጎቴ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ምሳ በልተን ቁጭ ባልንበት ከሳሎናችን ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለችውን አንዷን አምፖል ቀና ብላ ዐየችና፣ «አጎቴ፣ ያ የሀብታም ቤት መብራት፣ ብርጭቆው እንደ ወይን ዘለላ የሚወርደው፣ እንግሊዝኛው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሻንደሊየር።»

«ሻንደሊየር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ ያን ነገር ስሙን ሳላውቅ ነው ስጠርገው የኖርኩት። ሐሙስ ሐሙስ መሰላል ላይ እወጣለሁ። ብርጭቆውን አንድ በአንድ በኮምጣጤ ውሃ ነው የምጠርገው። ማዳም ከታች ቆማ ‹ሽዋይ፣ ሽዋይ› ትላለች፤ ቀስ በይ ለማለት ነው። ቀስ የምትለው ለኔ አይደለም፣ ለብርጭቆው ነው።» ከዚያ እንደ መሣቅ አለችና፣ «እና የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ያን ጥያቄ ከሰው አፍ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሮጬ መዝገበ ቃላቱንና ማጉሊያ መነጽሬን አመጣሁ። መሮጤን አይታ ሣቀችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻንደሊየር ፈረንሳይ ነው፤ ትርጉሙ የሻማ ማስቀመጫ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ሻማን ሻንዴል ይላሉ። ሻንዴልን ያገኙት ከሮማውያን ካንዴላ ነው። የፈረንሳዮች ቤት አንድ ጠባይ አለው፤ ከሮም «ካ» ብሎ የመጣውን ብዙውን ቃል «ሻ» አድርጎ ያስገባዋል። እንግሊዞች ግን ካንዴላን ከፈረንሳይ በፊት ከላቲን ቄሶች እጅ ተቀብለው ካንድል ብለውት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ዘር በፈረንሳይ በር ዞሮ ሻንደሊየር ሆኖ እንደገና መጣላቸው። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የአንድ አያት ልጆች ሳይተዋወቁ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀልጣል፣ ሌላው ሳሎን ላይ ተንጠልጥሎ ይኮራል።

«ሻ እና ካ» አለች። «ስሙ ሲቀየር አይተዋወቁም ማለት ነው።»

«የሚያስተዋውቃቸው ሰው ካልተገኘ አይተዋወቁም።»

ሮማውያን ካንዴላ ያሉት ነጭ ሆኖ መብራትን ከሚናገር ግሥ አውጥተው ነው። ሹመት ፈልጎ ሕዝብ ፊት የሚቆም ሰውም በሮም ልብሱን በነጭ አፈር አሽቶ ያነጣ ነበር አሉ፤ ከዚያው ግሥ ስም ወጣለት። ዛሬ በእንግሊዝኛ ዕጩን ካንዲዴት የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ ቀላ አለና፣ «ዕጩ ሙሽራም እንግዲህ የሻማ ዘመድ ነው በለኛ» አለችኝ። ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። መምህር የሆነ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል፤ ባያውቅም ይማራል።

የካንዴላ ልጆች በዚያ በኩል ብቻ አይደለም የተበተኑት። ወደ ምሥራቅም ሄደዋል። ግሪኮች ወሰዱት፣ ከግሪክ ሶርያውያን፣ ከሶርያ ዐረቦች ተቀበሉትና ቂንዲል አሉት። ወደ ግእዝ በየትኛው በር እንደገባ መጻሕፍቱ አይስማሙም፤ ገብቶ ግን ቀንዲል ሆኗል። ከእንግሊዞቹ ካንድል ጋር የሥጋ ዘመዱ እንግዲህ የኛ ቀንዲል ነው። ሻማ አይደለም። ሻማ ከዐረብኛ የመጣ ሌላ ወገን ነው፤ በትርጉም ጎረቤት ቢሆኑም አንድ ጠብታ ደም አይጋሩም። ዕድሜዬን ሙሉ «ካንድል ማለት ሻማ» ብዬ ሳስተምር ኖሬ ዘመዱን ሳላስተዋውቅ መቅረቴ ገረመኝ።

ይህን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። በማግሥቱ በእግሬ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄጄ ከድሮ የማውቃቸውን መሪጌታ አገኘሁና ስለ ቀንዲል ጠየቅኋቸው። «ቀንዲልማ ግእዝ ነው። ምስጢረ ቀንዲልን አልሰማህም እንዴ? አንተ ሰውዬ እንግሊዝኛ አበላሸህ» አሉኝ። ስመለስ ጎረቤቴን፣ ጨርቅ የሚነግዱትን ሐጂ ጠየቅኋቸው። «ቀንዲል? ወላሂ የኛ ነው፤ ዐረብኛ ነው» አሉኝ። ለሁለቱም የሮም ነው ብላቸው ሁለቱም ደስ አላላቸውም። እኔ ግን ለሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ለእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስተርክላት አቀርቅራ ስትሰማ ቆየችና፣ «አጎቴ፣ እኔም እኮ በፈረንሳይ በር ነው የገባሁት» አለችኝ።

እንዴት ስላት ነገረችኝ። ስትሄድ ደላላው በክርስቲያን ስም ቪዛ ቶሎ አይመጣም ብሏት የእስላም ስም አውጥቶላት ነበር። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ያ ስም ነው። እዚያ ቤት ማንም በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። «መጀመሪያ ሲጠሩኝ ዞር አልልም ነበር፤ ደንቆሮ መሰልኳቸው። ኋላ ግን ለመድኩት። እዚያው ብሞት በዚያ ስም ነበር የምቀበረው። ልጅ ብወልድ ደግሞ ልጆቼ በዚያ ስም ይቆጥሩኝ ነበር። ከሰባት ቤት በኋላ እኔ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል?» አለች። በቀልድ ነበር የተናገረችው። እኔም አይዞሽ ብዬ ነገሩን አሳለፍኩት።

ዕጩው ብዙም ሳይቆይ ተገለጠ። በወልድያ መውጫ ጎሚስታ ቤት ያለው፣ ጎማ የሚለጥፍና የሚነፋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እሷ ገበያ ስትመላለስ ተያዩ። ከአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ካለ ቀበሌ ወርዶ ነው ሐይቅ የከተመው። ወጣትነቱን ሥራ ላይ ጨርሶ ሳያገባ የቆየ ሰው ነው። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ዕለት «ጎማ የሚለው ቃል ከጣልያን ነው የመጣው፤ ጣልያን ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ፣ ግሪክ ደግሞ ከጥንት ግብፅ ነው» ብዬው ነበር። «እንግዲህ ይሄን ያህል ርቀት ተጉዞ ነው የሚተነፍስብኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ወደድኩት።

ሽማግሌ ላከ። እንደ ልማዳችን መጀመሪያ የመጣው የሰባት ቤት ቆጠራ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአባትም በእናትም ወደ ላይ እየቆጠሩ ከሰባተኛው ቤት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ጋብቻ የለም፤ እኅትና ወንድም ናቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ በእኅቴ በኩል ቆጠርኩ። ወደ ላይ ስወጣ ለልጅቷ ስድስተኛ የሚሆነው ሰው ላይ ስደርስ አበቃ፤ ከአምባሰል ወርዶ ሐይቁ ዳር የሰፈረ ሰው ነው፣ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክርስቲያን ስም ነው ያለው። ቤታችን ስለሱ የሚተረክ ብዙ ነገር ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ግን ታሪክ አይጠየቅም፣ የሚቆጠረው ስም ነው። በእነሱ በኩልም ተቆጠረ። የነሱ ስድስተኛ የእስላም ስም ያለው ነበር። ማንም አልደነቀውም። ወሎ ውስጥ የማን ቆጠራ ነው ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ መስጊድ ሳይገባ የሚወጣ? «አይገናኙም» አሉ ሽማግሌዎቹ። ተመረቀ፤ ቀለበትም ታሰረ። ሠርጉ ለጥር ተባለ።

ያን ሰሞን ልጄን (ልጄ ነው የምላት) አዲስ ሰው ሆና አየኋት። ዕቃ መወልወሏን ተወች። ከሐጂ ሱቅ የመጋረጃ ጨርቅ ገዝታ መጣችና አልጋዬ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ፤ ቢጫ ሆኖ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለበት ነው። «ሌላ ምንም አልፈልግም። መጋረጃ ያለው የራሴ ቤት ብቻ። የሰው መጋረጃ አጥቤ አጥቤ ጠግቤያለሁ» አለችኝ። ጨርቁን መልሳ ስታጥፈው እጇ ቀስ ይል ነበር፤ ማንም «ሽዋይ» ሳይላት። እናቷ ይህን ባየች ብዬ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ እጮኛዋን ያሳደጉትን አክስቱን ለማየት ወጣሁ። የሷ አባት ምትክ ስለሆንኩ ደንቡም ያስገድዳል። ከሱ ጋር በሚኒባስ ውጫሌ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር ነው። አክስቱ በጣም ያረጁ ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም፣ ጨዋታቸው ግን ሙሉ ነው። ከደጃቸው ባለው የወይራ ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ማር አቀረቡልኝና፣ «ብሉ መምህር፤ የኛ ቤት ንብ ያልተለየው ቤት ነው» አሉኝ።

«ከጥንት ነው?»

«ከጥንት ነው እንጂ! በንብ የመጣብንስ ነገር የዋዛ ነው?» አሉና ይተርኩልኝ ጀመር። ሁለት ወንድማማቾች በቀፎ ተጣሉ። ታናሹ ተቆጥቶ አንድ ቀፎ በጀርባው አዘለና ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጥሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። አልተመለሰም። «ያኔ እስላም ነበርን። ልጁ አድጎ ነው ክርስትና የተነሣው። የኛ ዘር ሁሉ ከዚያ ከተጣለው ሕፃን ነው። ሰውዬው የት እንደተቀበረ እንኳ አናውቅም። ወይ ፋቲሓ አልተቀራለት፣ ወይ ፍትሐት አልተፈታለት» አሉ። ከዚያ ትንሽ ሣቅ አሉና፣ «ንብ አርቢ ሆኖ ማር ቀምሶ አያውቅም ነበር አሉ። የሚቀምሰው ቢያጣ ነው እንግዲህ የተጣላው!»

በእጄ የያዝኩት ማር ያለበት ቁራሽ እዚያው ቀረ።

አባቴ፣ የአባቴም አባት፣ ስለዚያ ከአምባሰል ስለወረደው ሰው ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ቀፎ በጀርባው አዝሎ መጣ ይባላል። ለቤተ ክርስቲያን ሰም የሚሰጠው እሱ ነበር ይባላል። ማር ግን እስኪሞት ድረስ አልቀመሰም፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ትረካው እኛ ዘንድ «መጣ» ብሎ ይጀምራል፤ እዚህ ደግሞ «ሄደ» ብሎ ያበቃል። ሐይቅ ደርሶ ሲጠመቅ ስሙ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ምን ይባል እንደነበር የጠየቀ ሰው በቤታችን አልነበረም። ሁለቱም ወገን አንዱን ሰው እንደ ሁለት ሰው ቆጥሮት ነበር። ካ እና ሻ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ስም ከሰባት ቤት በኋላ ማን ያውቀኛል ያለችኝ ደግሞ ልጄ ናት። ሁለቱ ነገር አክስቱ ደጃፍ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ተጋጠመ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እጮኛዋ አጠገቤ እየሄደ ስለሚያስገባው ቆርቆሮ ያወራኝ ነበር። ቤቱን በሁለት ክፍል ሊያደርገው ነው፤ መስኮቱን ደግሞ ሰፋ አድርጎ። «መጋረጃ ገዝታለች አይደል ጋሼ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስከ ውጫሌ ድረስ ወደ ኋላ እየቀረሁ ሄድኩ። ድካም መሰለውና ዱላ ቆርጦ ሰጠኝ።

ለብዙ ቀን ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ዝም ብዬ መቅረት ፈልጌ ነበር። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ብሞት ነገሩ አብሮኝ ይቀበራል። ግን ዐይኗን ማየት አቃተኝ፤ እሷም የሰው ፊት ማንበብ በሰው ቤት ተምራ መጥታለች። አንድ ጠዋት ዓሣ ልንገዛ ሐይቁ ዳር ወርደን፣ ዓሣው ተመዝኖ በፌስታል ከተሰጣት በኋላ «አሁን ንገረኝ» አለችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነገርኳት።

ፌስታሉን እግሯ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ተናገረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ዐረብ አገር አንድ ዘመድ አልነበረኝም፣ አጎቴ። ታምሜ ስተኛ የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም። እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት ዘመድ አጥቼ ነው። አሁን አገሬ ገብቼ አንድ የምወደው ሰው ባገኝ፣ እሱንም ዘመድሽ ነው ትለኛለህ?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

«ቀፎው አንድ ነው፣ ማሩም አንድ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተለያየው።»

«መጽሐፍህ ያላወቀውን ምን ይላል?» ክንዴን ያዘችኝ። «ምንጩ አይታወቅም ይላል፤ አንተ ነህ ያሳየኸኝ። ይሄንንም እንደዚያ በለው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለኔ ብለህ አላውቅም በል።»

«እሺ» አልኳት። ያልኩትም ከልቤ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስቆፍር የኖርኩ ሰው ለሷ ስል አንዱን ቆፍሬ ያገኘሁትን መልሼ ልቀብረው ተስማማሁ። ዓሣችንን ይዘን ወደ ቤት ሄድን፤ ጠበሰችው፤ በላንም። ደግ ዓሣ ነበር።

ሳምንት አልሞላም። ከገበያ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከፊቴ ቆመች። «ኸላስ፣ አለቀ አጎቴ፤ ነግሬዋለሁ» አለችኝ።

«ለምን? እኔ እኮ እሺ ብዬሽ ነበር።»

«አንተ ዝም ብትል እኔ ዐውቃለሁ። በውሸት ስም ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እንዴት እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሲጠራኝ ሁልጊዜ ትንሽ እዘገይ ነበር። እሱ ሚስቴ ብሎ ሲጠራኝ እንደዚያ መዘግየት አልፈልግም።» ነጠላዋን አወለቀችና አጠፈችው። «እሱ ጎማ ይዞ ነበር፤ አስቀመጠው፤ ከዚያ ደግሞ አነሣው።»

ቀለበቱ በሽማግሌ ተመለሰ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ሰው ሁሉ «እግዜር አወጣችሁ፣ ሳይደርስ ታወቀ» እያለ ደስ ያለው መሰለ፤ እኔን ያስቆጣኝ ይሄ ነው። ሐጂ ብቻ ናቸው ወጥተው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ብለዋት ሌላ ነገር ሳይጨምሩ የሄዱ። በኋላ መጋረጃውን መልሰው ሊወስዱላት ጠይቀዋት ነበር፤ እንቢ አለች። የኔ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ማየቱንም ልለምደው አልቻልኩም።

ላይኛው የሱ ወገን ዘንድ ግን በእርግጥም ደስታ ሆነ። ያ ቀፎ አዝሎ የጠፋው ሰው ተገኘ! አክስቱ በዚያ ዕድሜያቸው በበቅሎም በመኪናም ተደርገው፣ ማርና በግ አስይዘው፣ ከዘመድ ጋር ወደ ሐይቅ ወረዱ። የተቀበረበትን ቦታ አሳየኋቸው። ፍትሐት ተፈታለት፤ ሐጂም መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። አሮጊቷ አፈሩን ሳሙ። ከዚያ ልጄን አቅፈው ጉንጯን እያገላበጡ እየሳሙ፣ «አንቺ ነሽ ያገኘሽልን፤ አንቺ የኔ ብርሃን!» እያሉ አለቀሱ። እሷ ታግሣ ቆመች። ምግቡን እሷ ናት የሠራችው። በእንግዶቹ መካከል እየዞረች ስታስተናግድ ያየ ሰው የቤቱ ሙሽራ ይላት ነበር።

እሱ የዚያን ቀን አልመጣም ነበር። የመጣው ለመስቀል ነው። እኔ ጓሮ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ በተከፈተው በር በኩል ሳሎኑ ይታየኛል። እጮኛዋ ሳለ እኔ በቤት ከሌለሁ ከአጥሩ በር አያልፍም ነበር፤ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ እስክትወጣ ድረስ ታስጠብቀው ነበር፤ ደስ እያላት እንደምታስጠብቀው ዐውቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን ዘመድ ነውና ማንም ሳይጠራው፣ ማንንም ሳይጠብቅ በሩን ከፍቶ ሳሎን መሃል ድረስ ገባ። እሷ ሣሕን ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ጎንበስ ብሎ እንደ ዘመድ ደንብ ግራ ቀኝ ጉንጯን ሳማት።

«እኅቴ፣ እንኳን አደረሰሽ» አላት።

ሣሕኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እሱ አጠገቧ፣ ሳሎኑ መሃል ቆሟል።

«ግባ ወንድሜ» አለችው።